መቅዳትና መፍጠር በሥዕል ታሪካችን

ሰው ከሰው ሳይማር ያወቀው ነገር ጥቂት ነው። ሕፃን ቋንቋውን ከእናቱ አፍ፣ ገበሬ የሞፈሩን አያያዝ ከአባቱ እጅ፣ ጸሓፊም የፊደሉን አጣጣል ከመምህሩ ብራና ይቀበላል። ስለዚህ ከሌላው መውሰድ በራሱ ነውር ሊሆን አይችልም። ሆኖም የወሰደ ሁሉ የወሰደውን የራሱ አድርጎት አይገኝም፤ አንዱ የተቀበለውን ዘር ዘርቶ ያጭዳል፤ ሌላው ያንኑ ዘር በከረጢት እንደ ቋጠረ ያረጃል። በኪነ ጥበብ ረገድ «ይህ ሰው ፈጠረ»፣ «ያኛው ግን ቀዳ» የሚያሰኘን ነገር ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይኸንኑ ነው።

ጥያቄው ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በምንከታተልበት ዘመን አንድ ግጥም ጽፈን በክፍል ፊት አንብበን ነበር። ጓደኞቻችን አጨበጨቡልን። የአማርኛ መምህራችን ግን ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፤ «ልጄ፣ ቤቱ ይመታል፤ ቃሉም ያማረ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ አንተን ፈልጌ አጣሁህ» አሉን። እውነትም ቃሉ ባይሆን አካሄዱ፣ ኀዘኑም ጭምር፣ ከምንወደው ደራሲ የተወሰደ ነበር። ያን ጊዜ ተቀየምን። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን ደብዳቤ አዘጋጁ በተባልን ቁጥር በመጀመሪያ የምንስበው ያለፈውን ዓመት ፋይል መሆኑን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ ለውጠን «ከሰላምታ ጋር» ብለን መዝጋታችንን ስናስተውል የመምህራችን ቃል ይታወሰናል። ለደብዳቤ ይህ ልማድ አይጎዳ ይሆናል፤ ለድርሰትና ለሥዕል ግን ሞት ነው።

በአገራችን ስለ ኪነ ጥበብ በሚነሣው ክርክር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው «ከውጭ የመጣ ሁሉ ባዕድ ነው፤ ከውጭ የወሰደ ሠዓሊም ሆነ ደራሲ ራሱን ጥሏል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ዓለም የደረሰበትን ካልተከተልን ወደ ኋላ እንቀራለን፤ ስለዚህ እነርሱ እንደሠሩት እንሥራ» ይላል። ሁለቱም በቅንነት የሚናገሩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአገራችን ሠዓልያን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በዚሁ ጥያቄ ፊት ቆመው እንደነበረ ነው። መልሳቸውንም በክርክር ሳይሆን በቀለም ትተውልናል።

ወደ ሥዕሉ ከመግባታችን በፊት መመዘኛ ያስፈልገናል፤ መመዘኛውንም ከሩቅ አንሻም፤ በቅኔ ቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይማራል። የቅኔውን ልክ አይፈጥረውም፤ ይቀበለዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን እርሱ አልወሰነም፤ ሰምና ወርቁንም እርሱ አልጀመረም። መምህሩ የሚነግሩትን ቅኔ እየሰማ መንገዱን ያጠናል። ሆኖም ተራው ደርሶ ሲቀርብ ትናንት የሰማውን ቅኔ መልሶ ቢያሰማ ማንም «አወቀ» አይለውም፤ ያፍራል እንጂ። ልኩ የሁሉ ነው፤ ቃሉና ምሥጢሩ ግን የራሱ መሆን አለበት። በዚያው ላይ ቋንቋችን የሚያስደንቅ ነገር ይነግረናል፤ ባለቅኔው ቅኔውን ባፈለቀ ጊዜ «ዘረፈ» ይባላል። ዘረፋ በሌላ ስፍራ ወንጀል ሲሆን በቅኔ ቤት ክብር የሆነበት ምክንያት ምን ይሆን? የቅኔው ዘራፊ የሰው ጎተራ ስላልሰበረ፣ የተማረውን ሁሉ ከገዛ ልቡናው ማርኮ ስላወጣ ይመስለናል። እንግዲህ ይህን መመዘኛ ይዘን፤ ተቀባዩ ምን ተቀበለ? ከራሱስ ምን አመጣ? እያልን ታሪካችንን እንመልከት። ዓመቶቹን የምንሰጠው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) የእመቤታችን የማርያም ክብር በአዋጅና በመጻሕፍት ከፍ ከፍ ብሎ ነበር። በዓላቷ በዝተው ሠላሳ ሦስት ሆኑ፤ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ተደነገገ፤ ሥዕሏም ከፍ ያለ ስግደትና ክብር ተሰጠው። ይህ ሁሉ ለሠዓልያን ታላቅ ሥራ አመጣ። በዚያን ዘመን ከነበሩት አንዱ ፍሬ ጽዮን ይባላል። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት በሚገኝ ገበታ ላይ በሣለው ሥዕል ስሙን ጽፎበታል። የጥንት ሠዓልያን አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይተዉ ስላለፉ ይህ ፊርማ ለታሪክ ተመራማሪዎች ትልቅ ሀብት ሆኗል። ሥራውን ያጠኑ ሊቃውንት የቢዛንታይንንና የኢጣልያን ሥዕል ምልክት አግኝተውበታል። ነገር ግን ገበታውን የሚያይ ሰው «ይህ የቢዛንታይን ነው» ወይም «ይህ የኢጣልያ ነው» አይልም። የፊቱ እርጋታ፣ የመሥመሩ ጥራት፣ የልብሱ እጥፋት በሥርዐት መደርደሩ የፍሬ ጽዮን ነው። ከሩቅ የመጣው ነገር በእጁ ሲያልፍ መልኩን ለውጧል።

ፍሬ ጽዮን ከባሕር ማዶ የመጣውን ሥዕል በዓይኑ አይቶ ይሆናል እንጂ ከባሕር ማዶ ሠዓሊ ጋር ስለ መገናኘቱ የሚታወቅ ነገር የለም። ከእርሱ በኋላ ግን ባዕዱ ሠዓሊ ራሱ መጣ። ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሰው በ15ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ መርቆሬዎስ በሚል የአገር ስም ይጠራ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ሠዓሊ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለ ሣላት ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ ይባላል። በኢጣልያ የተለመደ አሣሣል ነበር፤ በአገራችን ግን ግራ እጅ የክብር እጅ አይደለምና ጌታን በግራ ማስቀመጥ ድፍረት ሆኖ ታየ። ትረካው እንደሚለው ሥዕሉ ከመጥፋት የተረፈው በንጉሡ ከለላ ነው።

ይህን ትረካ ልብ እንበለው። ቍጣው የድንቁርና ቍጣ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍሬ ነገሩ ሌላ ነው። ሕዝቡ ሥዕሉን ያነብ ነበር። ቀኝና ግራ፣ ቀይና ሰማያዊ፣ የተዘረጋ እጅና የታጠፈ እጅ ለእርሱ እንደ ፊደል ትርጉም ነበራቸው። ፊደል ያለው ሰው የመጣለትን ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ይመረምራል፤ ይከራከራል። ፊደል የሌለው ግን ያገኘውን ሁሉ ይገለብጣል። የብራንካሌዎን ሥዕል ያስነሣው ሁከት በአገራችን የራሱ ሕግ ያለው የሥዕል ዓይን እንደነበረ ምስክር ነው።

ከዚህ በኋላ የምንነግረው የታሪኩ ዋና ክፍል ነው። በሮማ ከተማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት እየተባለ የሚከበር አንድ የቆየ የእመቤታችን ሥዕል አለ። በ1569 ፓፓ ፒዮስ 5ኛ ይህ ሥዕል እንዲቀዳ ለኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ለፍራንሲስኮ ቦርጃ ፈቀዱ። ቅጂዎቹ ሚስዮናውያን በሄዱበት ሁሉ ተሰራጩ፤ ወደ ሕንድ ሄዱ፤ ወደ ቻይና ሄዱ፤ ወደ ኢትዮጵያም መጡ። በቻይና የአገሩ ሠዓሊ በጥቅል ላይ ሲሥላት የቻይና እመቤት መስላለች። በእኛ አገር የደረሰባትን ደግሞ እንመልከት።

ኢየሱሳውያን ወደ አገራችን የገቡት በ1557 ሲሆን ድርጊታቸው ፍሬ ያገኘው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ከመጣ በኋላ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ከዚያ የተከተለውን ደም መፋሰስ አንባቢያችን ያውቀዋል። ንጉሡ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ትምህርታቸው ተወገዘ፤ ስማቸውም የጥላቻ ስም ሆነ።

ሥዕሊቱ ግን ቀረች! በጎንደር ዘመን ያለማቋረጥ ተሣለች፤ ከገበታ ወደ ብራና፣ ከብራናም ወደ መቅደስ ግድግዳ ተሻገረች። የማያውቅ ሰው ቢጠየቅ «ይህችማ ከጥንት ጀምሮ የእኛ ናት» እስኪል ድረስ የኢትዮጵያ እመቤት ሆነች። ደግሞም በግራ ክንዷ ሕፃኑን የታቀፈች ናት! ቀድሞ ሁከት አስነሣ የተባለው አሣሣል አሁን የሥርዐቱ መሠረት ሆነ። አንድ ሕዝብ የጠላውን የሃይማኖት ትምህርት አስወጥቶ ሥዕሉን ማስቀረቱ እንዴት ይሆናል? መልሱን የሚሰጠን ሥዕሉ ራሱ ነው።

የሮማይቱን ሥዕልና የጎንደርን ሥዕል ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከተቀበሉት ይልቅ ያመጡትን ያያል። በእርግጥ የተቀበሉት ብዙ ነው፤ እመቤታችን ሁለቱን እጆቿን በሕፃኑ ላይ አደራርባለች፤ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ዘርግታለች፤ በግራዋ መሐረብ ይዛለች፤ ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። የጎንደር ሠዓሊ ከዚህ ከአራቱ አንዱን እንኳ ለመጣል አልፈለገም፤ ሉቃስ የሣለውን መለወጥ ድፍረት ነውና። ከዚህ ሌላ የቀረውን ግን በሙሉ በራሱ ዓይን ሠራው። በሮማ ፊቱ በጥላና በብርሃን የተሠራ ነው፤ በጎንደር መሥመር ገዛው። ዓይኖቹ ሰፉ፤ የሚያየውንም ሰው በቀጥታ ተመለከቱት። በሮማይቱ ሥዕል ከእናትና ከልጅ በቀር ማንም የለም፤ በአገራችን ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው በግራና በቀኝ ቆሙ። እነርሱን ከሮማ ያመጣቸው የለም፤ በቅዱሳት ሥዕሎቻችን ቀድሞም የእመቤታችን ዘበኞች ነበሩ። ንግሥት በአደባባይ ስትቀመጥ ባለሟሎቿ እንዲቆሙ፣ ለንግሥተ ሰማያት ወምድርም እንዲሁ ተደረገላት።

ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ሥራው ይበልጥ ድፍረት አገኘ። በ18ኛው ምእት ዓመት በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የእመቤታችን ካባ ከሩቅ አገር እንደመጣ የከበረ ግምጃ በአበባ አጌጠ፤ ከበስተኋላዋ ያለው መደብ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይም ወደ አረንጓዴ ይሸጋገር ጀመር። በደቅ ደሴት እቴጌይቱ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ እርሳቸው ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕል ያሣለው ሰው በሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ መለመኑ በአገራችን የተለመደ ነው። እንግዲህ ሮማዊው ሠዓሊ ከመቃብሩ ተነሥቶ ናርጋ ሥላሴ ቢገባ የእጆቹን አቀማመጥ አይቶ «ይህችን አውቃታለሁ» ባለ ነበር፤ ነገር ግን «የእኔ ናት» ለማለት ባልደፈረም ነበር።

ይኸው ነገር በወንጌል ሥዕሎችም ተደርጓል። በ1590 እና በ1591 በሮማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመ ወንጌል ነበር። አንቶንዮ ቴምፔስታ በሣላቸውና በእንጨት ላይ ተቀርጸው በታተሙ 149 ሥዕሎች ያጌጠ ነው። መጽሐፉ ወደ አገራችን ከደረሰ በኋላ የ17ኛው ምእት ዓመት የጎንደር ሠዓልያን በብራና ወንጌሎቻቸው ውስጥ ሥዕሎቹን አርአያ አድርገው ተጠቀሙባቸው። አንዳንድ የውጭ ሊቃውንት ይህን ሲያገኙ «ኢትዮጵያውያን ቀድተዋል» ብለው ፋይሉን ዘጉት። እኛ ግን ነገሩን በቅርብ ልናየው ይገባናል።

አንደኛ፣ የታተመው ሥዕል ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ቀለም የለውም። ቀይዋ፣ ቢጫዋ፣ አረንጓዴዋና ሰማያዊዋ በሙሉ የሠዓሊው ናቸው። ሥዕልን በቀለም ለሚያነብ ሕዝብ ደግሞ ቀለም ጌጥ አይደለም፤ ከነገሩ እኩሌታው ነው። ሁለተኛ፣ ቴምፔስታ ታሪኩን በሮማ ሕንጻዎችና ዓምዶች፣ ወደ ሩቅ በሚሄድ ሜዳና ደመና ከብቦታል፤ የእኛ ሠዓሊ ይህን አብዛኛውን አወጣው። ስንፍና ነው እንዳይባል ሥዕሉን ማየት ይበቃል፤ ዳራው ሲወጣ ሰዎቹ ወደ ፊት መጡ፤ ታሪኩም በሩቅ ሆኖ እንደሚነበብ ጽሑፍ ጎላ። ሦስተኛና ዋናው፣ በአገራችን የሥዕል ሕግ የበጎ ሰው ፊት ሁለት ዓይኑ ተገልጦ ይሣላል፤ ክፉው፣ ሰይጣኑ፣ ወንበዴውና ከሓዲው ግን በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ይታያል። የኢጣልያ ሠዓሊ ይህን ሕግ አያውቅም፤ ሐዋርያውንም ወታደሩንም ለቦታው እንደተመቸው ወደ ጎን ያዞረዋል። በዚህ ሕግ ያደገ ሠዓሊ ያን ሥዕል በፊቱ ዘርግቶ ሲጀምር የየአንዳንዱን ሰው ነፍስ መመርመር ነበረበት። ይህ የየትኛው ወገን ነው? ፊቱ ይገለጥ ወይስ ይዙር? እንዲህ እያሉ መሥራት ማሰብ ነው፤ መቅዳት አይባልም።

ይህን ስንል ግን መቅዳት ሁሉ ከንቱ ነው እንዳይመስል ስለ ኵርዓተ ርእሱ ጥቂት እንናገራለን። ኵርዓተ ርእሱ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታችን ሥዕል ነው። የሥዕል ታሪክ አዋቂዎች በ16ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በአውሮጳ እንደተሣለ ይናገራሉ። ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ ግን የነገሥታቱ ሥዕል ሆነ፤ መሓላ ይፈጸምበት፣ በዘመቻም ከሠራዊቱ ጋር ይወጣ ነበር። በ1744 በዐፄ ኢያሱ ሁለተኛ ዘመን ከስናር ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ፣ በኋላ ዋጋ ተከፍሎ ተመለሰ። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካለፉ በኋላ ግን፣ ለብሪታንያ ሙዚየም ዕቃ እንዲሰበስብ ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ወስዶ ለራሱ አስቀረው። ዋናው ከአገር ወጣ። ነገር ግን የአገራችን ሠዓልያን ሥዕሉን አስቀድመው በየቤተ ክርስቲያኑና በየገበታው ቀድተውት ስለነበረ መልኩ ከሕዝቡ ዓይን አልጠፋም። እንግዲህ መቅዳትም የራሱ ክብር አለው፤ አደራ ጠባቂ ነው። ብራና ገልባጮች ባይኖሩ ኖሮ ከአባቶች መጻሕፍት ስንቱ በደረሰልን ነበር? የቀጂ ሰው ጥፋቱ መቅዳቱ አይደለም፤ የቀዳውን «የልቤ ፍሬ ነው» ማለቱ፣ ይልቁንም ከመቅዳት አልፎ መሄድ እንደሚችል መርሳቱ ነው።

ደግሞም ከባዕድ ብቻ የሚቀዳ መስሎ የሚታየን ካለ ተሳስቷል። የገዛ አባቶችን ሥራ ያለ ሐሳብ መደጋገምም መቅዳት ነው። ወደ 20ኛው ምእት ዓመት ስንመጣ ለዚህ ማስረጃ እናገኛለን። በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሰዎች እየበዙ በሄዱ ጊዜ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በተርታ በተከፈሉ ክፍሎች ተሥሎ ይሸጥ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሠዓልያን ይህን ሲያደርጉ ብልኀት ነበራቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያገለግል የነበረውን ጥበብ ለዓለማዊ ታሪክ አውለውታልና። በኋላ ግን ገዢው ያንኑ ሥዕል ደጋግሞ ስለፈለገ ብዙዎች ያንኑ ደጋግመው ሠሩ። መሥመሩ የአገር ነው፤ ቀለሙ የአገር ነው፤ ታሪኩም የአገር ነው፤ ሆኖም ሠዓሊው በውስጡ ተፈልጎ አይገኝም። የአገር ልብስ የለበሰ ሁሉ የራሱ ሰው አይደለምና።

በዚሁ ምእት ዓመት አጋማሽ የጎንደር ሠዓልያን ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ። ልዩነቱ ቀድሞ የባዕዱ ሥዕል ወደ ሠዓሊው ይመጣ እንደነበረ ሁሉ፣ አሁን ሠዓሊው ራሱ ወደ ባዕዱ አገር መሄዱ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በለንደን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን በኮሎኝ፣ እስክንድር በጎስያን በለንደንና በፓሪስ ተምረዋል። አፈወርቅ በ1961 በተመረቀው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ታላላቅ የቀለም መስታወቶች ሥሏል። የመስታወቱ ጥበብ የአውሮጳ አብያተ ክርስቲያናት ጥበብ ነው፤ የተነገረበት ታሪክ ግን አውሮጳ ተናግሮት የማያውቀው ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1962 ተመልሶ ሥራውን ባሳየ ጊዜ ተመልካቹ ሰውም ዛፍም ቤትም የሌለበት፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆነ ሥዕል አየ። «ይህ የነጮች ነገር ነው» ያሉት ብዙዎች ነበሩ። የብራንካሌዎን የግራ ክንድ ክርክር ከአራት መቶ ዓመት በኋላ እንደገና ተነሣ ብንል አናጋንንም። እስክንድር ደግሞ የተማረውን የአውሮጳ ጥበብ ይዞ ወደ ክታብና ወደ ጠልሰም ዓይኖች፣ ወደ ብራናው ቀለምና ወደ ሌላውም የአፍሪካ ጥበብ ተመለሰ። አንደኛው ከአገር ልማድ የራቀ፣ ሁለተኛው ወደ አገር ልማድ የቀረበ ይመስላል። ሆኖም ሁለቱን እኩል የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ገብረ ክርስቶስ በ1981፣ እስክንድር በ2003 ካለፉ በኋላ ዛሬም ያለ ፊርማ ቢገኝ ሥራቸው የእነርሱ እንደሆነ ይታወቃል። ተመልካች ሲያያቸው «ከየት ተወሰደ?» ከማለት አስቀድሞ «ይህ የእገሌ ነው» ይላል። መምህራችን በእኛ ግጥም ውስጥ ፈልገው ያጡት ይኸንኑ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ታሪካችን የመጀመሪያውን ድምፅ ያርመዋል፤ የተወገዘ ትምህርት ያመጣት ሥዕል እንኳ የአገር እመቤት መሆን ከቻለች፣ አንድ ነገር ከውጭ መምጣቱ ብቻ ባዕድ አያሰኘውም። ሁለተኛውንም ድምፅ ያርመዋል፤ የጎንደር ሠዓልያን የሮማን ሥዕል ሲቀበሉ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። የቀለም ቋንቋ፣ የዓይን ሕግ፣ የመላእክት ሥፍራ፣ ከሁሉም በላይ የሚለምን ሕዝብ ነበራቸው። የሮማ ሥዕል የመጣው ወደ ተሰናዳ ቤት ነበር፤ ስለዚህ እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ ቤተ ሰብ ኖረ። ባዶ ቤት የገባ እንግዳ ግን የቤቱ ጌታ ይሆናል። አንድ ሰው ከሌላው በመውሰዱ ድምፁን አያጣም፤ ድምፁን የሚያጣው የሚቀበልበት የራሱ ነገር ሳይኖረው በወሰደ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ግጥም ለመጻፍ ወይም ሥዕል ለመሣል ለሚነሣው ወጣት «ከማንም አትውሰድ» ብለን አንመክረውም፤ የማይቻል ነገር ነውና። ይልቁንም ብዙ ያንብብ፤ ብዙ ይመልከት፤ የሚወደውንም ሥራ አስቀምጦ በእጁ ይገልብጥ፤ የቅኔ ተማሪም መንገዱን የሚያጠናው ሰምቶ ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የራሱን ቤት ያሰናዳ። ያደገበትን መንደር ቋንቋ፣ የእናቱን አነጋገር፣ የሰፈሩን ሰው ኀዘንና ሣቅ፣ በዓይኑ ያየውን በጆሮውም የሰማውን ያከማች። ከዚያ በኋላ የወደደው ደራሲ ሲመጣበት የሚመረምርበት ሕግ ይኖረዋል፤ ይህን ሰው በሁለት ዓይን ልሣለው ወይስ በአንድ? ብሎ መጠየቅ ይችላል። መጠየቅ የጀመረ ዕለትም ቀጂነቱ አብቅቷል።

በትምህርት ቤት ለሚያገለግሉ መምህራንም አንድ ልመና አለን። ተማሪ የተቀዳ ድርሰት ሲያመጣ ማዋረድ ከትምህርቱ ይልቅ ቂምን ያተርፋል፤ ዝም ብሎ ማርክ መስጠትም ልማዱን ያጸናል። የእኛ መምህር ሁለቱንም አላደረጉም። ቤቱ እንደመታ፣ ቃሉ እንዳማረ አስቀድመው መሰከሩልን፤ ጉድለቱንም አልሸሸጉንም። ያን ቀን የተቀየምንባቸው ቃል እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስንቀመጥም እጃችን እንደ ልማዱ ወደ ፋይሉ መደርደሪያ አምርቶ ነበር። የሌሎችን ድርሰት አገላብጠን፣ አካሄዳቸውን ለመያዝ ቃጥተን፣ በመጨረሻ ወረቀቶቹን ዘግተን የምናውቀውንና የምናምነውን ጻፍን። ከሊቃውንት ያገኘነው ብዙ ነው፤ ከቅኔ ቤት የተዋስነውም አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል እኛን ራሳችንን ማግኘትና አለማግኘት ግን የአንባቢያችን ፍርድ ነው። መምህራችን በሕይወት ቢኖሩና ይህ ገጽ ቢደርሳቸው፣ ለብዙ ዓመት የፈለጉትን ተማሪ ጥቂት በጥቂት አግኝተውት ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።